ለ6 ዓመት ያላበቡት ጃካራንዳና የድሬዳዋ ዛፍ

ጥያቄ፦ «ከ6 ዓመት በፊት አንድ ጃካራንዳና አንድ የድሬዳዋ ዛፍ ከዘር አፍልተን ግቢያችን ውስጥ ተከልን። ጃካራንዳው ሣሩ መሀል፣ ከቤቱ 7 ሜትር ርቆ ነው ያለው። የድሬዳዋው ዛፍ ግን ከአጥሩ 2 ሜትር ላይ፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ነው። ሁለቱም ከጣሪያ በላይ አድገዋል፤ አንድም ቀን አበባ አላየንባቸውም። መንገድ ዳር ያሉት እኩዮቻቸው ግን በየዓመቱ ያብባሉ። ሣሩን በሳምንት 2 ጊዜ እናጠጣለን፣ በዓመት 3 ጊዜ ዩሪያ እንበትንበታለን፣ ዛፎቹንም በየዓመቱ ደረቁ ወቅት ሲገባ ጫፍ ጫፋቸውን እናስቆርጣለን። አንዱ ‹ወንድ ናቸው፣ አያብቡም› አለን፤ ሌላው ‹ዳፕ ጨምሩበት›፤ ሦስተኛው ደግሞ ‹ግንዱን ዙሪያውን ላጡት፣ ሲደነግጥ ያብባል› ይላል። የድሬዳዋው ዛፍ ሥር አጠገቡ ያለውን የድንጋይ ንጣፍ ማንሳት ጀምሯል። እንቁረጣቸው ወይስ እንጠብቅ?»

ምላሽ፦ ጃካራንዳውን ይተዉት፤ የድሬዳዋውን ዛፍ ግን ያንሱት። ሁለተኛው የሚነሳው ስላላበበ አይደለም፤ ቢያብብም ባያብብም እዚያ ቦታ ላይ መኖር ስለማይችል ነው። እርሱን ትንሽ ቆይተን እናየዋለን፤ መጀመሪያ የአበባውን ነገር እናጥራ።

«ወንድ ነው» የሚለው ከፓፓያ የተወሰደ አባባል ነው። ፓፓያ ወንዴና ሴቴ ዛፍ አለው። የጃካራንዳና የድሬዳዋ ዛፍ አበባ ግን ወንዴውንም ሴቴውንም ክፍል በአንድ አበባ ውስጥ ይዟል፤ ወንድ ጃካራንዳ የሚባል ዛፍ የለም። ደግሞም ወንዴ ፓፓያ እንኳ ያብባል፣ ችግሩ ማፍራቱ ላይ ነው። ይህን ምክር ይተዉት።

«እኩዮቻቸው» ያሏቸው የመንገድ ዳር ዛፎች ግን ብዙ ነገር ይነግሩናል። አንደኛ፣ እነርሱ ማበባቸው አየሩን ከጥርጣሬ ያወጣዋል። የድሬዳዋ ዛፍ ከማዳጋስካር የመጣ የቆላ ዛፍ ነው፤ ውርጭ አይችልም፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ደጋ ቅጠል እያወጣ ለዓመታት ይቆምና አበባ ይነፍጋል። ጃካራንዳ የደቡብ አሜሪካ፣ የቦሊቪያና የአርጀንቲና አካባቢ ዛፍ ነው፤ ቅዝቃዜን ከድሬዳዋው ዛፍ በተሻለ ይችላል፣ ውርጭ የሚጎዳው በተለይ ለጋ ሳለ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ አንድም የሚያብብ የድሬዳዋ ዛፍ ከሌለ መጠበቅ አያስፈልግም። እርስዎ ጋ ግን አለ። ሁለተኛ፣ ለእነዚያ ዛፎች ዩሪያ የሚበትን፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚያጠጣ የለም። ሦስተኛ፣ በቁመት እኩል መሆናቸው በዕድሜ እኩል ናቸው ማለት አይደለም። በውሃና በማዳበሪያ የተገፋ የ6 ዓመት ዛፍ ብዙ ሳይንከባከቡት ያደገ የ12 ዓመት ዛፍን ሊያክል ይችላል፤ ቁመቱ እንጂ ዕድሜው አይጨምርም።

ከዘር የበቀለ ዛፍ ለአበባ የሚደርስበት ጊዜ አለው። ጃካራንዳ የመጀመሪያ አበባውን የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የድሬዳዋ ዛፍ ፈጠን ይላል፤ ሞቃት ቦታ ላይ በ5 ዓመት የሚጀምር አለ፣ 10 ዓመት የሚያስጠብቅም አለ። ከዚያ በፊት ዛፉ ገና ልጅ ነው፤ ምንም ቢያበሉት እንቡጥ አይቋጥርም። ከሚያብብ ዛፍ ላይ ቅርንጫፍ ተወስዶ ግራፍት የተደረገ (በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ የተጣበቀ) ችግኝ ግን የእናቱን ብስለት ይዞ ስለሚመጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሊያብብ ይችላል። ስለዚህ የእርስዎ ጃካራንዳ በ6 ዓመቱ አለማበቡ በራሱ በሽታም ጉድለትም አይደለም። ችግሩ የምታደርጉለት እንክብካቤ ልጅነቱን የሚያራዝምበት መሆኑ ነው።

ከሁሉ የከፋው ቆረጣው ነው። የሁለቱም ዛፎች አበባ በዘለላ የሚወጣው ከቅርንጫፍ ጫፍ ወይም ከጫፉ አጠገብ ነው። እናንተ የምታስቆርጡት ጫፉን ነው፤ ያውም ደረቁ ወቅት ሲገባ፣ ማለትም ዛፉ ሊያብብ ጥቂት ወር ሲቀረው። አንዳንዱ ቅርንጫፍ ለአበባ ተዘጋጅቶ ቢሆን እንኳ ከቆሻሻው ጋር ተጭኖ ሄዷል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ደግሞ የባሰ ነው። ጫፉ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ከቁርጡ በታች የተኙ ቡቃያዎችን ይቀሰቅስና ከአንድ ቦታ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቀጥ ያሉ ቀምበጦች ያወጣል። ጃካራንዳ በዚህ የታወቀ ነው። እነዚህ ቀምበጦች ለዓመት ያህል ቅጠል ብቻ እያወጡ ወደ ሰማይ ይመዘዛሉ፤ ሊረጋጉ ሲሉ እንደገና ይቆረጣሉ። ዛፉ በየዓመቱ ከአንደኛ ክፍል ይጀምራል ማለት ነው። በተጨማሪም የበቀሉት ከቅርፊቱ ሥር እንጂ ከእንጨቱ ውስጥ ስላልሆነ አያያዛቸው ደካማ ነው፤ ሲወፍሩ በነፋስ ይገነጠላሉ። የተቆረጠው ጉቶ ደግሞ ሊዘጋው የሚችል ቅርፊት በዙሪያው ስለሌለው ወደ ውስጥ ይበሰብሳል።

ከቆረጣው ቀጥሎ ያለው ዩሪያ ነው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ 1 ኪሎ ስትበትኑ 460 ግራም ንጹሕ ናይትሮጅን ትሰጣላችሁ። «ለሣሩ ነው የበተንነው» ይሉኝ ይሆናል፤ የዛፍ ሥር ግን ይህን አያውቅም። ብዙ ሰው የዛፍ ሥር እንደ ቁመቱ ወደ ታች የሚወርድ ይመስለዋል። አብዛኛው መጋቢ ሥር የሚገኘው በላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጎን ደግሞ ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይሄዳል። የሣሩ ማዳበሪያ የዛፉም ማዳበሪያ ነው። ናይትሮጅን የበዛበት ዛፍ ቅጠሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቀምበጡ በአንድ ዓመት ከአንድ ሜትር በላይ ይመዘዛል፣ አበባ ግን አይቋጥርም። የእናንተን ለማወቅ ያልተቆረጠ ቅርንጫፍ ፈልጉና የዘንድሮውን እድገት በሜትር ለኩ። ቅርፊቱ አረንጓዴና ለስላሳ የሆነው ክፍል የዘንድሮው ነው።

ውሃውም እንዲሁ። ጃካራንዳ በተፈጥሮው በደረቁ ወቅት ቅጠሉን በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ያራግፋል፣ ዕረፍት ያደርጋል፣ ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ቅጠል ሳይቀድመው ያብባል። ያ ባዶ ቅርንጫፍ ላይ የሚታየው ሐምራዊ የድርቁ ውጤት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጠጣ ዛፍ ደረቁ ወቅት መግባቱን በቅጡ አያውቅም፤ ቅጠሉን እንደያዘ ይቀጥላል፣ ቢያብብም ተበታትኖና ሳስቶ ነው። ጥልቀት የሌለው ተደጋጋሚ ውሃ ሌላም ጣጣ አለው፤ ሥሩን ወደ ገጽ ይስበዋል። ንጣፉን ካነሱት ነገሮች አንዱ ይኸው ሣር ማጠጣት ሊሆን ይችላል።

ዳፕ የሚለውን ምክር የሰጣችሁ ሰው ፎስፈረስ አበባ ያመጣል ከሚለው ልማድ ተነስቶ ነው። ፎስፈረስ አበባን የሚያግዘው አፈሩ ፎስፈረስ ሲያንሰው ብቻ ነው፤ በቂ ካለው ተጨማሪው አንድም እንቡጥ አያስገኝም። ከመጠን ሲያልፍ ዛፉ ብረትና ዚንክ እንዳይወስድ ያደርገዋል፤ ያኔ ለጋው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ እንደሆነ መሀሉ ቢጫ ይሆናል። ዳፕ ውስጥ ደግሞ ከ46 በመቶው ፎስፌት ሌላ 18 በመቶ ናይትሮጅን አለ፤ የሸሻችሁትን በሌላ ጆንያ መልሳችሁ ማስገባት ነው። አፈር ሳታስመረምሩ አትጨምሩ።

ግንድ መላጡን በፍጹም እንዳታደርጉት። ቅጠሉ የሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በቅርፊቱ ውስጠኛ ክፍል ነው፤ ዙሪያውን ከተላጠ ሥሩ ይራባል። ላይኛው ክፍል ለጥቂት ወራት ምንም ያልሆነ ይመስላል፣ ምናልባትም ያብባል፣ ከዚያ ይደርቃል። በአንዳንድ የፍራፍሬ ዛፎች ላይ ባለሙያዎች ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቀለበት ቅርንጫፍ ላይ ይቆርጣሉ፤ ምክሩ ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ለጥላና ለውበት በተተከለ ዛፍ ዋና ግንድ ላይ የሚሞከር ነገር አይደለም። ሚስማር መምታትና ጨው መጨመርም ከዚሁ ወገን ናቸው።

አሁን ጃካራንዳው ላይ ምን ይደረግ? ዩሪያውን ዛሬ አቁሙ። ሣሩ ማዳበሪያ የግድ የሚያስፈልገው ከሆነ ከግንዱ ጀምሮ እስከ ቅርንጫፎቹ ጥላ ጫፍ፣ ከዚያም 2 ሜትር አልፎ ያለውን ክብ ነጻ አድርጉ፤ ከዚያ ውጭ ባለው ላይ የታጨደውን ሣር እዚያው መተው ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። ከግንዱ ዙሪያ ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ሣሩን አንሱና በደረቅ ቅጠል ወይም በተከተፈ ቅርንጫፍ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ጉዝጓዝ አድርጉበት። ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ የነካው እንደሆነ ቅርፊቱ እርጥበት ይዞ ይበሰብሳል። ይህን ስታደርጉ የግንዱን ሥር ተመልከቱ። ጤነኛ ዛፍ መሬት ሊገባ ሲል ሰፋ ይላል። እንደ ቋሚ እንጨት ቀጥ ብሎ ከገባ ወይ በጥልቀት ተተክሏል ወይ ከችግኝ ፕላስቲኩ ጋር ተቀብሯል፤ አፈሩን በእጅ ገለጥ አድርጉና ግንዱን የጠመጠመ ሥር ካለ ፈልጉ። ከአውራ ጣት የቀጠነውን ቆርጣችሁ ማውጣት ትችላላችሁ፤ የወፈረውንና ግንዱ ውስጥ የሰመጠውን ግን ለባለሙያ ተዉት።

ውሃውን ዛፎቹ በአካባቢያችሁ ከሚያብቡበት ጊዜ 2 ወይም 3 ወር ቀደም ብላችሁ ቀንሱ። ዛፉ 6 ዓመት ስለሞላው ይችለዋል፤ ከተተከለ 3 ዓመት ያልሞላውን ግን እንዲህ ማስጠማት መግደል ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ቢረግፍ አትደንግጡ፣ የሚፈለገው እርሱ ነው። ቀጫጭኑ ቅርንጫፍ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበርና ውስጡ ቡናማ ከሆነ ግን አልፏል፤ ያኔ አንድ ጊዜ በዝግታ፣ ውሃው ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር እስኪወርድ አጠጡትና እንደገና ተዉት። አሸዋማ አፈር ላይ ይህ ቶሎ ይመጣል፤ ዋልካ ላይ ጨርሶ ላያስፈልግ ይችላል።

ቆረጣው የሚቆመው ለዘላለም ነው፣ ነገር ግን እስካሁን የተሠራው ጉዳት መስተካከል አለበት። ጊዜው መንገድ ዳር ያሉት ጃካራንዳዎች አበባቸውን የሚጨርሱበት ሰሞን ነው፤ ከዚያ በፊት መጋዝ አይነሳ። በእያንዳንዱ አሮጌ ቁርጥ ላይ ከተሰበሰቡት ቀምበጦች ወደ ውጭ ያዘነበሉትን ሁለት ወይም ሦስት አስቀሩ፣ የቀሩትን ከመነሻቸው አንሱ። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይቅሩ። የምታስቀሯቸውን አታሳጥሯቸው፤ አበባው የሚወጣው ጫፋቸው ላይ ነው። በአንድ ዓመት ከዛፉ ቅጠል ከሩብ በላይ አታንሱ፤ ከዚያ ካለፈ ዛፉ ይደነግጥና አዲስ የቀምበጥ ጎርፍ ያመጣል፣ የሁለት ዓመት ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ የወፈረ ቅርንጫፍ በሦስት ቁርጥ ይወርዳል። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ከሥር ወደ ላይ እስከ ሲሶው ይቆረጣል። ከዚያ ጥቂት ወደ ውጭ አልፎ ከላይ ወደ ታች ተቆርጦ ይወድቃል። የቀረው ጉቶ የመጨረሻውን ቁርጥ የሚያገኘው ቅርንጫፉ ከግንዱ ሲወጣ ካበጠው አንገት ወዲያ ነው። አንገቱ ራሱ አይነካ፣ ቁስሉን የሚዘጋው እርሱ ነው። ቁስሉ ላይ ቀለምም ጭቃም አትቀቡ፤ እርጥበት አፍኖ መበስበሱን ያፋጥናል።

የብርሃኑን ጉዳይ በአንድ ቃል እንለፈው፦ በቀን 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ሣር መሀል ስላለ የእናንተው ያገኛል ብዬ እገምታለሁ።

ወደ ድሬዳዋው ዛፍ እንመለስ። ይህ ዛፍ ከቁመቱ ይልቅ ስፋቱ ይበልጣል፤ ሲጎለምስ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ከ10 ሜትር በላይ ይሸፍናል፣ ግንዱ ሥር ክንፍ የመሰለ ድጋፍ ያወጣል፣ ሥሩ መሬት ለመሬት እየተጋደመ ንጣፍና የአጥር መሠረት ይፈነቅላል። ከግንብ፣ ከንጣፍና ከቧንቧ ከ8 እስከ 10 ሜትር መራቅ አለበት፤ እናንተ 2 ሜትር ሰጥታችሁታል። አሁን የተነሳው ንጣፍ ገና መጀመሪያው ነው። በአጥሩ በኩል ያለውን ሥር መቁረጥ መፍትሔ ይመስላል፤ ሆኖም ከግንዱ በዚህ ቅርበት ወፍራም ሥር የተቆረጠበት ዛፍ በአንድ ወገን መልሕቁን ያጣል፣ ነፋስ ባለበት ዝናብ ወደ ተቃራኒው ወገን ይወድቃል። በእናንተ ሁኔታ ይህ ማለት ወደ ግቢው ውስጥ ነው። ሥር የሚከለክል ግድግዳ መቅበርም ሲተከል እንጂ ከ6 ዓመት በኋላ አይሠራም። በዚያ ላይ ሽቦው አለ። ከሽቦው በታች ለማቆየት በየዓመቱ ጫፉን መቁረጥ ግድ ይሆናል፤ በየዓመቱ ጫፉ የተቆረጠ የድሬዳዋ ዛፍ አያብብም። ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከልም አይታሰብ፤ ከጣሪያ በላይ ያለፈ ዛፍ በእጅ ተቆፍሮ ሲወጣ አብዛኛው ሥሩ መሬት ውስጥ ይቀራል። አሁን ግንዱ ቀጭን ስለሆነ የማንሳቱ ሥራ የአንድ ቀን ነው፤ ከ15 ዓመት በኋላ አጥሩንም ይዞ ሊሄድ የሚችል ሥራ ይሆናል።

ሽቦውን የሚነካ ወይም ሊነካ የሚችል ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ላይ ማንም ሰው መሰላል አያቁም። እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የእንጨት እጀታም ዋስትና አይሆንም። መብራቱን የሚያቀርበው ድርጅት መስመሩን ካቋረጠ ወይም ራሱ ላይኛውን ካወረደ በኋላ ነው የቀረው የሚቆረጠው። ጉቶው ሊያቆጠቁጥ ስለሚችል ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ ቆፍሩና አንሱት፤ ካልሆነም የሚወጣውን ቡቃያ ለጋ ሳለ በየጊዜው ንቀሉ። ንጣፉን ወዲያው አታስተካክሉ። የቀሩት ሥሮች ሲበሰብሱ መሬቱ ስለሚሰጥም አንድ የዝናብ ወቅት ይለፍበት።

በምትኩ ከ5 ሜትር የማያልፍ ዛፍ ትከሉ፤ ከአሮጌው ጉድጓድ ቢያንስ 1 ሜትር ፈቀቅ ብላችሁ። ቦትል ብረሽ ለእንዲህ ያለ ቦታ ከሁሉ ይሻላል፤ በቁርጥራጭ የተባዛውን ምረጡ፣ በ2 ወይም በ3 ዓመት ቀዩን ብሩሹን ያሳያል፣ ማሳጠር ካስፈለገም አበባው እንዳበቃ ወዲያው ይከረከማል። ፍራንጊፓኒ ሁለተኛ ምርጫ ነው። ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ ወተቱ እስኪደርቅ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ ቆይቶ ውሃ በማያቆር አፈር ይተከላል። ወተቱ ቆዳና ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ጓንት አድርጉ። ኦሊያንደርን ማንም ቢያቀርብላችሁ ሕፃናትና ከብት ባሉበት ግቢ አታስገቡ፤ ከቅጠል እስከ ሥር መርዝ ነው፣ ቅርንጫፉ ሲቃጠል ጭሱም ይጎዳል። ግራቪሊያና የአፍሪካ ቱሊፕ ደግሞ ትልልቅ ሆነው ቅርንጫፋቸው በነፋስ የሚሰበር ስለሆነ ለሽቦና ለአጥር ዳር አይሆኑም። ቱሊፑ ከተተከለበት አምልጦ በመዛመቱ በዓለም ክፉ ወራሪ ከተባሉት 100 ፍጥረታት ዝርዝር ውስጥ አለ።

ለጃካራንዳው ከዚህ በኋላ ቢያንስ 4 የአበባ ወቅት ስጡት። የመጀመሪያው ማበብ ብዙ አይደለም፤ ፀሐይ በደንብ በሚያገኘው በላይኛው ወገን ሁለት ሦስት ዘለላ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ በቀጣዩ ዓመት ይበዛል። ዩሪያው ከቆመ ከ2 ዓመት በኋላም ቀምበጡ በዓመት ከአንድ ሜትር በላይ የሚመዘዝ ከሆነ ናይትሮጅን ከሌላ ቦታ እየመጣለት ነው፤ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ የከብት ወይም የዶሮ ቤት ቅርብ ካለ እርሱን ጠርጥሩ። ዕድሜው 14 ደርሶ፣ ፀሐይ እያገኘ፣ ሳይቆረጥና ሳይዳበር ምንም ካላሳየ ችግሩ ከዘሩ ሊሆን ይችላል። ያኔ ለጥላው ማቆየት ወይም ከሚያብብ ዛፍ ግራፍት በተደረገ ችግኝ መተካት ነው ምርጫው።